በር ከፍተው የሚያስተምሩት ጋሽ ይመር

መልእክቱ የደረሰኝ ሱቄ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ሳለ ነው። «ይመር ሞተ። ዛሬ ጠዋት። ዘጠኝ ሰዓት ይቀበራል» ይላል። የላከልኝ ጎብዬ ብረት የሚበይደው ሰይድ ነው። ሰይድ መስማት የተሳነው ስለሆነ ደውሎልኝ አያውቅም፤ ሲጽፍም ቃል አያበዛም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል፣ «እውነት ይሆን?» የሚል ነበር። ጋሽ ይመርን ባወቅኋቸው ዓመታት ስለ እሳቸው የሰማሁትን ነገር ወዲያው ያመንኩበት ቀን የለም። ሞታቸውንም እንደ ልማዴ ጠረጠርኩ።

ስሜ ዘይነባ ነው። ቆቦ፣ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ልጅ አለችኝ፤ ሐያት ትባላለች። በሁለት ዓመቷ ከባድ ትኩሳት ይዟት፣ ሲለቃት ጆሮዋን ይዞ ሄደ። ጋሽ ይመር የእሷ አስተማሪ ነበሩ።

ወደ ሱቄ የመጡት ከጦርነቱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሰውን በጎን ያይ ነበር። አንድ ጸጉረ ልውጥ አስፋልቱ ላይ ከታየ ከየት መጣ፣ ለምን መጣ፣ ማን ዘንድ አደረ ሳይባል አይውልም። እሳቸው ደግሞ ለጥርጣሬ የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበታም ናቸው፤ አነጋገራቸው የደሴ ነው። አንድ ነገር ከመናገራቸው በፊት ግራ ቀኝ አይተው ቦታ ይቀይራሉ። ከኋላዬ ማን እንዳለ የሚሰልሉ ነበር የሚመስለኝ። ብርሃን ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ፣ ከንፈራቸውና ቅንድባቸው እንዲታይ ብለው መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው።

የመጡት ሱሪ ለማሳጠር ነበር። ሐያት ከእግሬ ሥር ቁጭ ብላ ቁልፍ በየቀለሙ ትለያለች። ያኔ ዐሥር ዓመቷ ነው።

«ስሟ ማን ነው?» አሉኝ።

«ሐያት። አትሰማም፤ አይልፉ።»

ቁጢጥ ብለው አንድ ቀይ ቁልፍ አነሱና ነጮቹ ላይ ጣሉት። ሐያት ቀና ብላ አየቻቸውና ቁልፉን ወደ ቦታው መለሰችው። እሳቸው እንደገና አንስተው ነጮቹ ላይ ጣሉት። በሦስተኛው ሐያት ሳቀች። ሐያት ስትስቅ ድምፅዋ ከልክ በላይ ይወጣል፤ መንገደኛ ዞሮ ያያል። ሰው ፊት እንድትስቅ አልፈልግም ነበር። ሱሪያቸውን ቶሎ ለክቼ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። «ልጅሽን ላስተምራት» አሉ።

«ስንት ያስከፍሉኛል?»

«ምንም። ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ።»

ገንዘብ ቢጠሩልኝ ኖሮ እደራደር ነበር። ምንም ሲሉኝ ግን ጠረጠርኩ። ሴት ልጅ ናት፤ ብትጮህ እንኳ ምን እንደሆነች መናገር አትችልም። መታወቂያቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ሳይቀየሙ አወጡና የጡረታ ወረቀታቸውንም ጨምረው ሰጡኝ። «ደህና አድርገሽ እይው» አሉኝ። ይሄም አላማረኝም።

እምቢ ያላልኩት ሐያት ትምህርት ቤት ቀርታ ስለነበር ነው። አንደኛ ክፍል አስገብቻት ከኋላ ወንበር አስቀመጧት። ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ ስትገለብጥ ከረመች፤ የገለበጠችው ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ደብተሯ እንዴት ያምር ነበር! አንድም ቃል አልገባትም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ከሱቄ ጓዳ እንዲያስተምሯት ፈቀድኩ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሁለት በርጩማ አንስተው ደጃፉ ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያይበት ማስቀመጥ ነው።

«ጓዳው ይሻላል፤ እዚህ አቧራና ፀሐይ አለ» አልኳቸው።

«እዚሁ ይሁን። በሩን አትዝጊው።»

እኔ ደግሞ ይሄንንም በክፉ ተረጎምኩት። ደግ መስሎ ለመታየት ነው አልኩ። የስፌት መኪናዬን አዙሬ ፊት ለፊታቸው ተከልኩት።

ጎረቤቴ ጦይባ በየቀኑ ትመጣለች። «ክርስቲያን ነው እስላም?» ትለኛለች።

«ጠይቄያቸው ነበር፤ ይመር ነኝ ነው የሚሉት።»

«ይመርማ ሁለቱም ዘንድ አለ! ሆን ብሎ ነው ወላሂ።»

እናታቸው እስላም፣ አባታቸው ክርስቲያን ነበሩ፤ ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ለጦይባ ግን ይሄ መልስ አልነበረም። አንድ ቀን ወሬ አቀባይ ነው ትላለች፤ በማግስቱ ልጅ ሰርቀው ከሚሸጡት ነው ትላለች። እኔም «ተይ እንጂ» እያልኩ አዳምጣታለሁ።

የባሰው ግን ምንም አለማስተማራቸው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊደል የለ፣ ቁጥር የለ። ሐያት ውሃ ስትጠጣ አብረው ይጠጣሉ። ሐያት በእጇ አንድ ነገር ስታሳይ እሳቸው ያንኑ መልሰው ያሳያሉ፤ ሲሳሳቱ ትስቅባቸዋለች። ማታ ከመሄዳቸው በፊት ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ።

«ዛሬ ምን አስተማሯት?»

«ገና እያየሁ ነው» ይሉኛል።

«እስከ መቼ?»

«እስካይ ድረስ።»

አንድ ቀን እርሳስ ሊገዙ ማዶ ሲሻገሩ ደብተሩን በርጩማው ላይ ትተውት ሄዱ። ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ማንበብ አያቅተኝም። ገለጥኩት። ገጹ ሁሉ የእጅ ሥዕል ነው። ከሥዕሉ ጎን በደቃቅ ጽሑፍ ትርጉሙ አለ። ጣት ላይ ሌላ ጣት ወጋ የሚያደርግ እጅ ስለው «እናት (መርፌ)» ብለዋል። ሁለት ጣት እንደ ምንቃር የሚከፈትና የሚዘጋ ስለው «ጎረቤት ጦይባ» ብለዋል። ሳቄ መጣ። ልጄ ለዓለሙ ሁሉ ስም አውጥታ ኖሮ፣ እኔ ዐሥር ዓመት አብሬያት ኖሬ ከአምስት በላይ አላውቅም።

ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ። ትከሻውን ሁለት ጊዜ መታ መታ የሚያደርግ እጅ ተስሏል። «ሰው ነው። ወንድ። አውቶቡስ ሲቆም ሁሉ ታደርገዋለች። ማን ይሆን? እናትየዋ ትጠየቅ? አሁን አይደለም።»

ሐያት ትከሻዋን እንደምትመታ አውቃለሁ። ያማታል ብዬ ጤና ጣቢያ ወስጃት ቅባት ሰጥተውኝ ነበር። ያን ቅባት ስንት ወር ቀባኋት! ሰው መሆኑን ያን ዕለት አወቅኩ። ባሌ ኢብሬ ነው። ወደ ገበያ ሲሄድ ትከሻው ላይ ያወጣትና ጭኗን መታ መታ ያደርግላት ነበር።

ኢብሬ በአፋር በኩል ወጥቶ ወደ ሳውዲ ሲሄድ ሐያት አምስት ዓመቷ ነው። በዓመቱ፣ ከእሱ ጋር የነበረ ሰው ከባሕር ማዶ ደውሎ ጀልባዋ መገልበጧን ነገረኝ። ለለቅሶው ሰው ሲሰበሰብ ሐያትን ሮቢት ያለችው እህቴ ዘንድ ላክኋት። ስትመለስ ምንም አልነገርኳትም። በምን ቋንቋ እነግራታለሁ? ደግሞስ ለምን? አታውቅም፣ ረስታዋለች ብዬ ነበር።

ጋሽ ይመር እርሳሱን ይዘው ሲመለሱ ደብተሩን በቦታው አስቀምጬ ጨርቅ እቆርጣለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈራኋቸው። ልጄን የሚያዩ መስሎኝ እኔን ነበር የሚያዩት።

በዚያው ሳምንት ሞሚና የምትባል የጎብዬ ደንበኛዬ ቀሚስ ልትወስድ መጣች። ደጃፉ ላይ ጋሽ ይመርን ስታይ ክው አለች። ወደ ውስጥ ገብታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሐያትን ያስተምራል። ምነው?»

«አስታግፊሩላህ! ዘይነባ፣ ይሄ እኮ የወንድሜን የሰይድን እጅ አስሮ ያስተማረው ሰው ነው። ጎብዬ መምህር ሳለ። ልጁ አይሰማም፤ እንደ ልጅሽ ነው። በአፍህ ተናገር ብሎ እጁን ከወንበር ጋር በሻሽ ያስረው ነበር። እናታችን ክንዱ ላይ ሰንበር አይታ ነው የደረሰችበት።»

«ወንድምሽ ምን ይላል?»

«ምን ይለኛል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ በእጁ የሚያወራውን አላውቅ።»

ሐያትን በዓይኔ ፈለግኋት። ደጃፉ ላይ ለጋሽ ይመር እጇን እያወዛወዘች የሆነ ነገር ትተርካለች። ሞሚናን ሸኝቼ ወጣሁ።

«ጋሽ ይመር፣ ሰይድ የሚባል የጎብዬ ልጅ ያውቃሉ?»

ከበርጩማው ሊነሱ ሲሉ ተመልሰው ተቀመጡ። «አውቃለሁ።»

«እጁን አስረውታል?»

«አስሬዋለሁ።»

ቢክዱ ይሻለኝ ነበር፤ ለክህደት መልስ አዘጋጅቼ ነበር የወጣሁት። «እንግዲህ ከልጄ ይራቁልኝ» አልኩ። ደብተራቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ሐያት ዞረው፣ በእሷው ምልክት፣ እንደሚሄዱና እንደማይመለሱ ነገሯት። ነገ እመጣለሁ ብለው እንደ ሌላው ሰው አልሸነገሏትም። ለምን ብላ ጠየቀቻቸው። ይሄንን እኔም ገባኝ። እሳቸው በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሟት፤ እሷን ጠይቂ ማለታቸው ነው። ሐያት ወደ እኔ ዞረች። መልስ ነበረኝ፤ እጄ ላይ ግን አልነበረም።

አራት ቀን በመምጫቸው ሰዓት ደጃፍ ላይ ስትጠብቅ ዋለች። በአምስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ዞር ስል ቁልፎቹ መሬት ላይ አሉ፤ ሐያት የለችም።

ጦይባ ከእኔ በላይ ጮኸች። «ወሰዳት! አላልኩሽም?» ጋሽ ይመር የተከራዩበት ግቢ ሁለት ቅያስ ነው የሚርቀው። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ነጠላ ጫማዬ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል። የልብስ መቀሱ እጄ ላይ ነበር።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አከራያቸው ጥላ ሥር ማሽላ ይለቅማሉ። ጋሽ ይመር በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ወደ ውስጥ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ ሐያት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊት ለፊቷ አንድ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ አለ። እጆቹ ብየዳ የፈነጠቀባቸው ጠባሳ ብቻ ናቸው። እነዚያ እጆች ይናገራሉ። እንዲህ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም። ሐያት አፏን ከፍታ ታያለች። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ በእጇ የምታወራ እሷ ብቻ ትመስላት ነበር መሰለኝ።

«ራሷ ነው የመጣችው» አሉ ጋሽ ይመር። «አሁን ይዣት ልመጣ ነበር ብልሽ አታምኝኝም፤ አከራዬን ጠይቂያቸው። ያ ደግሞ ሰይድ ነው። በየሳምንቱ ይመጣል።»

ሰይድ ስሙ መጠራቱን ከፊታችን አወቀ። የያዝኩትን መቀስ አየና ከኪሱ ብዕር አውጥቶ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈልኝ። «አስሮኛል። እውነት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ መጥቶ ይቅርታ አለኝ። በእጁ ነው ያለኝ። እኔ ያን ቋንቋ ገና አላውቅም ነበር። እስኪገባኝ ድረስ ደጋገመው።»

የቀረውን ጋሽ ይመር ራሳቸው ተናገሩ። ወጣት መምህር ሳሉ፣ ሰይድን በአፉ እንዲናገር ካደረጉ ስማቸው የሚጠራ መስሏቸው ነበር። እጁን ከተወ አፉን ይጠቀማል ብለው አንድ መንፈቅ ዓመት ሙሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አሰሩት።

«እንዴት ተዉት ታዲያ?» አልኩ።

«አንድ ቀን ፈታሁት። ሲፈታ እጁን አላንቀሳቀሰም። ተናገር፣ በእጅህም ቢሆን ተናገር ብዬ ለመንኩት። ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየኛል።»

ከዚያ ሥራቸውን ትተው ሌላ ከተማ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሄዱ። ሁለት ዓመት ከሕፃናት ጋር ተቀምጠው የምልክት ቋንቋ ተማሩ። ተመልሰው ሰይድን ሲያስተምሩ ግን ገና ከመጀመሪያው ቋንቋውን አልጫኑበትም። አስቀድመው የልጁን ተማሩ።

«በሩን ክፍት የማደርገው ያን ጊዜ በሬ ዝግ ስለነበር ነው» አሉኝ። «አንድ ሰው ቢያየኝ ኖሮ ያስቆመኝ ነበር። ስለዚህ እዪኝ። መጠርጠርሽ አይከፋኝም።»

ሁሉንም ዋጥኩት አልልም። የሰይድ ጽሑፍ ነው ልቤን ያዞረው። «ይመለሱ፤ ግን እኔም አብሬ እቀመጣለሁ» አልኩ። ጋሽ ይመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ። «እኔም ልልሽ የነበረው ያንኑ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ተማሪዬ አንቺ ነሽ።»

እንዲህ ሆኖ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ገባሁ። ጣቴ ከመርፌ ሌላ የሚያውቀው የለም፤ ደነደነብኝ። ሐያት በሳምንት የምትጨርሰውን እኔ በወር አልጨርሰውም። ጋሽ ይመር የሐያትን ምልክት ከትክክለኛው ምልክት ጎን እያስቀመጡ፣ ከዚያ ፊደሉን እያስከተሉ ያስተምሩ ነበር። ቃል ከመስጠታቸው በፊት ነገሩን ያስነኩን ነበር። «ትኩስ» ለማለት ካውያ፣ «ሩቅ» ለማለት እስከ አስፋልቱ መጨረሻ በእግር። ሐያት ፊደል መቁጠር የጀመረችው ያኔ ነው። እኔ ግን አሁንም ከዓይኔ አላወጣቸውም ነበር። እጄ «እናት» ይላል፣ ዓይኔ እሳቸውን ይጠብቃል።

ዓመት ሊሞላን ሲል አንድ ቀን አውቶቡስ ቆመ። ሐያት ትከሻዋን ሁለት ጊዜ መታችና ወደ መንገዱ አየች። ጋሽ ይመር ጠበቁኝ። ደብተሩን ማንበቤን ያውቁ ነበር መሰለኝ።

«አባቷ ነው» አልኩ። «ሞቷል።»

«ታውቃለች?»

«እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? እርስዎ ይንገሩልኝ። እርስዎ ይችሉበታል።»

«አልነግርልሽም።»

«ለምን?»

«ከእኔ ከሰማችው ዕድሜ ልኳን ከባዳ የሰማችው ነገር ይሆናል። የሚያስፈልግሽን ቃል ሁሉ አስተምርሻለሁ። ከዚያ እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

ተቆጣሁ። ከባዱን ለእኔ ጥለው ሊያመልጡ ነው አልኩ። ቢሆንም ተማርኩ። ባሕር፣ ጀልባ፣ ተገለበጠ፣ አይመለስም። ሞትን ሐያት ቀድማ ታውቀው ነበር፤ የጦይባ ፍየል ስትሞት ጋሽ ይመር አስተምረዋታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ ቤት ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መታሁ። ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደች፤ የመጣ መስሏት። ይዤ አስቀመጥኋት። ባሕሩን ነገርኳት፤ ጀልባውን ነገርኳት። ምልክቱ ስለተምታታብኝ ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። ስጨርስ አላለቀሰችም።

«መቼ?» አለች።

አምስት ጣት አነሳሁ። አምስት ዓመት።

«አንቺስ መቼ አወቅሽ?»

ሌላ የማነሳው ጣት አልነበረኝም። ያንኑ አምስት ጣት አነሳሁ።

ሐያት ዓይኗን ጨፈነች። ጆሮ የሌለው ሰው ጆሮውን የሚዘጋው እንደዚያ ነው። ትከሻዋን ብይዛት፣ ጉልበቷን ብስማት አልገለጠችም። ሦስት ቀን እጄን ባነሳሁ ቁጥር ጨፈነችብኝ።

ጋሽ ይመር ዘንድ እያለቀስኩ ሄድኩ። «እንዳሉኝ አደረግኩ፤ ልጄን አጣሁ።»

«ጨፈነችብሽ?»

«ሦስት ቀን!»

«ሰይድ በእኔ ላይ ስምንት ወር ጨፍኗል» አሉና ውሃ ሰጡኝ። አንድ የሚያጽናና ቃል ቢጨምሩልኝ ምን ነበረበት ብዬ ተቀየምኩ። የማያውቁትን ቃል አይገቡም ነበር፤ ይሄን ጠባያቸውን ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶብኛል።

በአራተኛው ቀን ስፌት ላይ ሳለሁ ሐያት መጥታ መዳፏን የመኪናው መዘውር ላይ አድርጋ አቆመችው። ዓይኗ ተገልጧል፤ አብጧል።

«መቃብሩ የት ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ውሃ ውስጥ ነው?»

«አላውቅም።»

«ሲሞት እኔን አስታውሷል?»

ምን ያህል አዎ ልላት እንደፈለግኩ! አዎ ለማለት ብዙ መማር አያስፈልግም። «አላውቅም» አልኳት።

ፊቴን ከግንባሬ እስከ አገጬ አየችው። እኔ ጋሽ ይመርን ሳይ የኖርኩትን ዓይነት አስተያየት ነው፤ ከቅንድቤ ሥር ውሸት ትፈልጋለች። መንገዱ ላይ ሁለት አውቶቡስ አለፈ፤ አላየቻቸውም። ከዚያ ቀኝ እጄን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው። ለካ ምልክቱን አሳስቼ ኖሯል የማሳየው። የታጠፈውን ጣቴን ቀና አደረገችው፣ አውራ ጣቴን ወደ ውስጥ መለሰችልኝ፣ እጄንም ወደ ቦታው አነሳችልኝ። እንደገና በይው አለችኝ።

እንደገና አልኩት። «አላውቅም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ በርጩማዋንም ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።